የጭጋግ ካሴት

ሰርጉ ጸጥ ያለ ነበር። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ድንኳን ተተክሎ ሰፈሩ በሙሉ ይጨፍራል፤ የሚሰማው ግን የጫማ ኮቴና የብርጭቆ ግጭት ብቻ ነው። ሙዚቃው በየሰዉ ጆሮ ውስጥ ነው። ሙሽራዋ የራሷን ትሰማለች፣ ሙሽራው የራሱን። አንዱ እስክስታ ይመታል፣ አጠገቡ ያለው ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ኬኩ ሲቆረስ ሁሉም በየዘፈኑ አጨበጨበ። ጭብጨባው አልገጠመም። ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ ሽምብራ ተንጣጣና ቆመ። ማንም ልብ አላለውም።

ናሆም ልብ አለው። ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሰዉን እግር ያያል። ዕድሜውን ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ከመናገር ማየት ይቀናዋል። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የአቤኔዘር ወንበር ነው። አቤኔዘር ግን በድንኳኑ ሌላ ጫፍ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጧል።

ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፈውን ነገር ሰዉ ምስር ይላታል፤ ምስር ታህላለች። በምስሯ የሚመጣው ሙዚቃ ፍሰት ይባላል። ፍሰቱ የሰውን የልብ ትርታ ያውቃል፣ እንቅልፉን ያውቃል፣ የሚያስከፋውንም ያውቃል። ዘፈኑን እንደ ልብስ ሰፊ በልኩ ያበጅለታል፤ እዚህ ያጠባል፣ እዚያ ያሰፋል። ድሮ ታክሲ ውስጥ «ይኼ ዘፋኝ ይሻላል፣ የለም ያኛው ይሻላል» እያለ ሲካሰስ የኖረ ሕዝብ ክርክሩን መቼ እንዳቆመ የሚያስታውስ የለም። አሁን «ዘፈኑ እንዴት ነው?» ቢባል መልሱ «ደስ ይላል» ነው። ለሁሉም ደስ ይላል።

በሰፈሩ መከራከር ያላቆሙ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተው ነበር። እነሱም ይኸው ተኳርፈዋል።

የእድሩ ዳኛ ሶልያና ሳህን እያነሳች መጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ናሆም፣ ጋሽ አቤኔዘር ማክሰኞ ጠቅልለው ሐዋሳ ሊገቡ ነው አሉ። ልጃቸው ቤት። ነግረውዎታል?»

አልነገረውም። ናሆም ያነሳውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ሽማግሌ ላኪልኝ» አለ።

«በምንድን ነው የተጣላችሁት?»

«በከበሮ።»

ናሆም ሽማግሌ ሲልክ በሕይወቱ ሁለተኛው ነበር። የመጀመሪያውን የላከው ለሚስቱ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ጎረምሶች እያሉ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። አቤኔዘር ጊታር ይጫወታል። ዳግማዊ፣ እነሱ ዳጊ ይሉታል፣ ከበሮ እየመታ ከሆዱ እያገሳ ይዘፍናል። ናሆም ምንም አይጫወትም፤ በሚኒባሱ ዕቃ ያመላልሳል፣ ሲቀዱም በር ላይ ይቆማል። ባንዱ ጭጋግ ይባላል። ሜታል፣ ያ ጩኸታም የሮክ ዓይነት፣ በአዲስ አበባ ብዙ ወዳጅ አልነበረውም፤ ክፍል የሚያከራይም አልነበረም። በመጨረሻ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ቦታ አገኙ። ወፍጮው ከእነሱ ይበልጥ ስለሚጮህ የከሰሳቸው ሰው የለም።

እዚያ አንድ ሥራ ቀዱ። ያኔም ቢሆን ካሴት ጊዜው አልፎበት ነበር። ዳጊ ግን ድርቅ አለ። በእጅ የማይያዝን ነገር የእኔ ነው ማለት አይቻልም አለ። ጥቂት ካሴት አሳተሙ። ለጓደኛ ሸጡ፣ ለጓደኛ ሰጡ። ከዓመታት በኋላ ዘፈኖቹ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ፍሰቱ ገቡ።

ክርክሩ ያኔ ጀመረ።

«ዱም ሜታል ነው» ይላል ናሆም። ዱም ማለት ከባድ ነው፣ ዝግ ያለ ነው፤ የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያቃስተው።

«ዴዝ ሜታል ነው» ይላል አቤኔዘር። ዴዝ ፈጣን ነው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ። «የተጫወትኩት እኔ፣ የምትነግረኝ አንተ። ጉድ ነው።»

«አንተ ጣትህን ስታይ ነበር። የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲባባሉ ሸበቱ። ዳጊ በሕይወት እያለ ሁለቱንም ይሰድብና ይስቃል፤ ፍርድ ግን አልሰጠም። ከሞተ በኋላ ክርክሩ የቅዳሜ ሥራቸው ሆነ። ከብሎካቸው ደረጃ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላውን ለመርታት ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብ ይሰነብታል። ሚስቶቻቸውን የቀበሩት፣ ልጆቻቸውን የሸኙት በዚህ መሀል ነው። ናሆም ለምን በሕይወት እንዳለ ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም፤ ቅዳሜ ግን ሥራ ነበረው።

ባለፈው ወር እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው የመጀመሪያውን ዘፈን እኩል ከፈቱ።

«አሁን ስማ» አለ አቤኔዘር ጣቱን አንስቶ። «ይኸው። ከበሮው እጥፍ ሆነ። ይኼ ዱም ነው?»

ናሆም ሰማ። ከበሮው እንደ ቀብር ሰልፍ ዝግ ብሎ ይሄዳል።

«የታጠፈ ነገር የለም።»

«እንዴት የለም? አሁን እኮ እየመታ ነው።»

«አቤኒ፣ የለም።»

«ወይ ጆሮህ ሄዷል፣ ወይ ትዋሸኛለህ።»

«ጆሮዬ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ውሸታም ነህ።»

ይህን ቃል ደረጃ የሚወርዱ ጎረቤቶች ሰሙት። ናሆም በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ተሰድቧል፤ ውሸታም ተብሎ ግን አያውቅም። «ዳጊ ቢኖር ያፍርብህ ነበር» አለ። ማለት አልነበረበትም። አቤኔዘር ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አልነበረም።

እሑድ ከሰዓት በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሶልያና በዳኛ ወንበሯ ተቀመጠች። ከጎኗ ሐጂ ሙባረክ ተቀመጡ፤ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱን በየተራ ሰሙ። ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ።

«መሬት አይደለም፣ ውርስ አይደለም» አሉ። «ከበሮ።»

«ክብሬ ነው፣ ሐጂ» አለ ናሆም። «ውሸታም ብሎኛል።»

«ብዬዋለሁ» አለ አቤኔዘር። «ጊታሩን የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ከበሮውን አጠገቤ ሲመታው የነበረው ዳጊ ነው። የለም ሲለኝ ምን ልበለው?»

«እንግዲያው ነገሩ ዘፈን ከሆነ እንስማው» አሉ ሐጂ። «አስታራቂ ባልሰማው አይፈርድም።»

አራቱም ምስራቸውን ነኩ። የመጀመሪያውን ዘፈን እኩል ከፈቱ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ናሆም እንደ ልማዱ እግር አየ። የራሱ እግር ዝግ ብሎ መሬቱን ይመታል። የአቤኔዘር ተረከዝ እንደ ልብስ ስፌት መርፌ ይንቀጠቀጣል። የሐጂ ጫማ በስሱ ይወዛወዛል። የሶልያና እግር አይንቀሳቀስም።

«በዚህ ነው የተጣላችሁት?» አለች ሶልያና። «ዋሽንት እኮ ነው። የሚያስተኛ ዋሽንት።»

ልቧን ከታከመች ወዲህ ፍሰቱ ከፍ ያለ ድምፅ አሰምቷት አያውቅም።

«የምን ዋሽንት?» አሉ ሐጂ። «ድቤ ነው። ረጋ ያለ ድቤ።»

አቤኔዘር ቀና አለ። «ጊታሩስ?»

ሁለቱ አስታራቂዎች ተያዩ።

«የምን ጊታር፣ ጋሼ?»

አቤኔዘር እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ እስከ ዛሬ ጠጣር ነው።

«እኔ የለሁበትም ማለት ነው?» አለ።

ሐጂ ምስራቸውን አውልቀው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት።

«ምስክሩ ለየሰዉ የተለየ ቃል ከሰጠ ፍርድ የለም» አሉ። «እኛ ስንስማማ የኖርነው እንዲህ ነው ለካ።»

ናሆም ከኮቱ የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ላስቲኩን ፈታ። ካሴት ነው። ጭጋግ የሚለውን በእጁ የጻፈው ዳጊ ነበር፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል።

አቤኔዘር አልነካውም።

የዕቃ ማቅለያ ዘመቻ የተባለ ጊዜ መኪናው በየብሎኩ ዞሮ ነበር። መጽሐፍ፣ ሲዲ፣ ካሴት፣ የፎቶ አልበም፣ ሁሉም ተሰበሰበ፤ በምትኩ ፍሰቱ ለዕድሜ ልክ በነፃ ተሰጠ። ቤቱ ሰፋ፤ ሰዉ ተደሰተ። አቤኔዘር ካሴቶቹን ሁሉ ሰጠ፣ ጊታሩንም ጨመረ።

«አስረክቤያለሁ አላልከኝም?» አለ አቤኔዘር።

«አንተ ነህ አስረከብኩ ያልከው። እኔ ዝም አልኩ።»

«ለምን አላሳየኸኝም?»

«የሰጠኸውን እንዳላስታውስህ። ደግሞ ማጫወቻ የለኝም። በልብስ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ምን ይላል?»

ሶልያና የቁልፍ ዘለላዋን አነሳች። «ኑ» አለች።

እድር ዕቃ አይጥልም። የዘመቻው መኪና ሲዞር እንኳ ዕቃው የአባላት ሁሉ ስለሆነ፣ ሁሉም አባል ካልፈረመ አይወጣም ተብሎ ቀርቷል። ሁሉም አባል ደግሞ በአንድ ቀን ተገኝቶ አያውቅም። በዕቃ ቤቱ ውስጥ የድንኳን ሸራ፣ ጥቀርሻ የጠጡ ብረት ድስቶች፣ አግዳሚዎች፣ የሚጣራበት ጡሩምባ አሉ። ከድስቶቹ ጀርባ በሻሽ የተሸፈነ ቴፕ ነበር፤ የሶልያና አባት ዳኛ በነበሩበት ዘመን የተገዛ።

ሐጂ አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉት። ገመዱን ግድግዳው ላይ ካለው የድሮ ሶኬት ጋር አገናኙት። ቀይ መብራቱ በራ። አልዞረም። ጀርባውን ሲከፍቱት ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ጎማ እንደ ሬንጅ ቀልጧል። ሶልያና የድስት ማጠቢያ ጓንት አምጥታ አንጓውን በመቀስ እንደ ቀለበት ቆረጠችው። ሐጂ መነጽራቸውን አጥብቀው፣ መርፌ ላይ ክር እንደሚሰካ ሰው፣ አስገቡት።

ካሴቱ ገባ። አቤኔዘር ቁልፉን ተጫነ። ምስሮቻቸው ሁሉ የድንኳኑ ሸራ ላይ ተቀምጠዋል።

ድምፁ ከክፍሉ ወጣ። ከጆሮ ሳይሆን ከክፍሉ። ሶልያና ወደ ኋላ አለች፤ ከውጭ የሚመጣ ሙዚቃ ከሰማች ዘመናት አልፈዋል። ዘፈኑ ግን ተጎትቶ፣ ተጎትቶ ይሄዳል።

«ዱም» አለ ናሆም።

«ጓንቱ ነው። ጓንቱ ላልቷል።» አቤኔዘር በቢላ ጫፍ ከሞተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ወደ ቀኝ አዞረ። ዘፈኑ ተነስቶ ሮጠ። «ዴዝ» አለ።

ናሆም ቢላውን ቀማውና ወደ ግራ መለሰው። አቤኔዘር መልሶ ነጠቀው።

«እናንተ ሰዎች» አሉ ሐጂ፣ «ይኼ ዕቃ የእድር ነው።»

በዚህ መሀል ዘፈኑ አለቀ። ጥቂት ጭር አለ፤ ከዚያ አንድ ድምፅ ተናገረ። ቀጭንና ፈጣን ነው፤ የሕፃን ይመስላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጃቸው ቢላው ላይ እንዳለ ቀሩ።

«ማነው?» አለች ሶልያና።

«መልሰው» አለ ናሆም።

አቤኔዘር ካሴቱን አውጥቶ በእስክሪብቶ ትንሽ መለሰ። ጣቶቹ አልረሱም። ቢላውን ለናሆም ሰጠው። ናሆም ብሎኗን ወደ ግራ አዞረ። ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን ወፍሮ እንደ በሬ ያጉረመርማል።

«በዛ። ትንሽ ወደ እኔ» አለ አቤኔዘር።

«እንዲህ?»

«ጨምር። ደረቱ ነው የቀረው። የእሱ ድምፅ ደረቱ ጋ ትንሽ ይሰነጠቃል።»

«አውቃለሁ።»

መለሱት። አዞሩት። ደግመው መለሱት። አንዱ ቢላውን ይይዛል፣ ሌላው እስክሪብቶውን። ሁለቱም አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ይህን ያስተዋሉት ግን ሐጂ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ ድምፁ መጣ፤

«ናሆሜ፣ በሩን ዝጋው እንጂ። ወፍጮው ገባ።»

ከዚያ ሳቅ። ከዚያ የካሴቱ ሹክሹክታ።

«እሱ ነው» አሉ ሁለቱ እኩል።

ዳጊ ነበር። ፍሰቱ ይህን ቁርጥራጭ እንደ ቆሻሻ ከጠረገው ምን ያህል ዘመን እንደሆነ ማን ያውቃል። ናሆም ያቺን ቀን አስታወሰ። ሚኒባሱን ሌባ እንዳይነካበት ለማየት በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር። ዝጋ ተብሎ ዘጋው፤ ዘፈኑ ግን ቀድሞ ተቀድቶ አልቋል። ደግመው የሚቀዱበት ሌላ ካሴት አልነበራቸውም።

«ከመጀመሪያው» አለ አቤኔዘር ቀስ ብሎ።

ብሎኗን ሳይነኩ ካሴቱን እስከ መነሻው መለሱ። ዘፈኑ ዳጊ በተናገረበት ፍጥነት ጀመረ። ጊታሩ ገባ። አቤኔዘር በጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ተከተለው። ከበሮው መጣ። ከዚያም እጥፍ ሆነ፤ በረዶ በቆርቆሮ።

ናሆም ሰማው። የማይካድ ነው። ተሸንፏል። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ከሥር ሌላ ነገር ሰማ። ከከበሮው ሥር፣ ከጊታሩ ሥር፣ ከባድና ዝግ ያለ፣ ዱብ፣ ዱብ እያለ የሚሄድ ነገር አለ። አይቸኩልም። በረዶው ሁሉ በላዩ ላይ ይወርዳል፤ እሱ ዳገቱን ይወጣል።

«ስማ» አለ።

አቤኔዘር ሰማ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ምንድን ነው?»

«ወፍጮው።»

«ወፍጮው እዚህ ውስጥ ነበር?»

«አንተ ማጉያው ሥር ነበርክ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ወፍጮው በጀርባዬ።»

ዘፈኑ አልቆ ዳጊ ተናገረ፣ ሳቀ።

«እንግዲያው ዱም ያደረግከው አንተ ነህ» አለ አቤኔዘር። «በሩን ባለመዝጋት።»

«ስለዚህ ዱም ነው።»

«ወፍጮ የሙዚቃ መሣሪያ አይደለም።»

«ማን አለ? ይሰማል፣ ይመታል፣ ምቱን አይስትም። ከአንተ ይሻላል።»

«የጤፍ ወፍጮ ሜታል አይጫወትም፣ ናሆሜ።»

«የማሽላ ነበር።»

«እንደገና አጫውቱት» አሉ ሐጂ። «እኔ አልጨረስኩም። ለእኔ ወፍጮው ነው የሚመራው፤ ሌላው ተከታይ ነው።»

«ኧረ ሐጂ፣ ጊታሩ እያለ» አለች ሶልያና። እጇ ደረቷ ላይ ነው።

«ላጥፋው?» አለ ናሆም።

«ይተዉት» አለች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ታገሰች። ከዚያ ፊቷ በርቶ፣ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው፣ «አልወደድኩትም» አለች። «ጋሼ፣ በጭራሽ አልወደድኩትም።»

ይህን ቃል በሰፈሩ ከሰሙት ቆይተው ነበር። አቤኔዘር በሳቅ ፈረሰ። ናሆም መሬቱን አየ። አራት ሰው፣ አራት ዓይነት ጫማ። ዘፈኑ ደግሞ ሲጀምር እግሮቹ እኩል ተነስተው እኩል ወደቁ።

እርቁ በልማዱ ተፈጸመ። አቤኔዘር ተነስቶ «ውሸታም ያልኩትን ማረኝ» አለ። ናሆምም «በዳጊ ስም የተናገርኩትን ማረኝ» አለ። ተሳሳሙ። የቀረው ካሴቱ ነበር። ናሆም አንስቶ አቤኔዘር እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ይዘኸው ሂድ። ጊታርህ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።»

«በምን ላጫውተው?» አቤኔዘር ወደ ቴፑ አየ። «ሶልያና፣ ይኼን ነገር...»

«የእድር ዕቃ አይወጣም» አለች ሶልያና። «ሁሉም አባል ካልፈረመ።»

ሐጂ እጃቸውን አነሱ። ፍርድ ሲሰጡ እንዲህ ያደርጋሉ።

«ካሴቱ የአቤኔዘር ነው። ቴፑ የእድሩ ነው። ዱም ይሁን ሌላው፣ ሳይለይ አድሯል። የእድር አባልነትህን ሐዋሳ ስለገባህ አታቋርጥም። ባቡሩም እንደሆነ ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል።»

አቤኔዘር ካሴቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። አልተቃወመም።

ማክሰኞ ናሆም ሸኘው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል አቤኔዘር በመስኮት ኪሱን መታ መታ አድርጎ በከንፈሩ ብቻ አንድ ቃል ተናገረ። ናሆም ቃሉን አውቆት ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በየራሱ ምት ይራመዳል። ናሆም ምስሩን አላደረገም። የሐዲዱን ድምፅ እስኪርቅ ሰማው፤ ከባድ ነው፣ ዝግ ብሎ ጀምሮ ይፈጥናል። ለክርክሩ የሚጠቅመው ይመስለዋል፤ ለማን እንደሚያደላ ግን ገና አልወሰነም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሶልያና ቁልፍ ተቀብሎ ዕቃ ቤቱን ከፈተ። ቴፑን አግዳሚ ላይ አወጣ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ገመዱን ሰካ። ቀይ መብራቱ በራ። ሐጂ ሁለት ጎረቤት አስከትለው መጡ፤ «ወፍጮውን ሊሰሙ ነው» አሉ። ሶልያናም መጣች። አልወደድኩትም ብላ ነበር፤ ለምን እንዳልወደደችው የምታስረዳበት ነገር አግኝታለች።

«ጋሼ፣ ነፋስ ይገባል» አለች። «በሩን ልዝጋው?»

ናሆም ከባቡር ጣቢያው ከሚመጣው መንገድ ዓይኑን አላነሳም።

«ተይው» አለ። «ይግባ።»